ዤራር ፊሊፕ፦ ፊልም ሲሻማበት ወደ ሕዝብ ቴአትር የሄደው ተዋናይ

የመጋረጃ ልጅ ጻፈ፦

ሰላም ለቤቱ! የፈረንሳይ ተዋናይ ሲባል እኛ ዘንድ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጡት አላን ዴሎንና ዣን ፖል ቤልሞንዶ ናቸው። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ከእነሱ ቀድሞ የነበረውን፣ በ36 ዓመቱ የተቀጠፈውን ዤራር ፊሊፕን ነው። በእኔ እምነት ይህን ሰው ትልቅ ያደረገው መልኩ አይደለም፣ ፊልሞቹም ብቻቸውን አይደሉም። በ1951 የወሰነው ውሳኔ ነው። የፊልም ሰዎች በሚሻሙበት ሰዓት በመጠነኛ ደመወዝ "የሕዝብ ብሔራዊ ቴአትር" የተባለ ቡድን ውስጥ እንደማንኛውም አባል ገባ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከሥሩ ልጀምር። ዲሴምበር 4 ቀን 1922 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሆቴል ሰው ነበር፤ ልጁ ሕግ እንዲማር ይፈልግ ነበር። እናቱ ግን የልጇን ልብ ስላወቀች ከትወናው ወገን ቆመች። ጊዜው የጦርነት ነው። ፓሪስ በጀርመኖች እጅ ስለነበረች ብዙ የፊልምና የቴአትር ሰው ወደ ደቡብ ወርዶ ካንና ኒስ ላይ ተሰባስቦ ነበር፤ ለእሱም በሩ የተከፈተው እዚያ ነው። በ1942 ኒስ ውስጥ በአንድሬ ሩሳን ኮሜዲ መድረክ ላይ ወጣ። በዓመቱ ፓሪስ ገብቶ በዣን ዢሮዱ ተውኔት መልአክ ሆኖ ተጫወተ፤ ኮንሰርቫቷር የተባለው የትወና ትምህርት ቤትም ገብቶ ከዦርዥ ለ ሯ ዘንድ ትወና ተማረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው የቤተሰቡ ታሪክ አለ። አባቱ ከናዚዎች ጋር የተባበረ የፖለቲካ ፓርቲ ሰው ነበር። ልጁ በአንጻሩ በኦገስት 1944 ፓሪስ ነፃ ስትወጣ የከተማዋን ማዘጋጃ ቤት ይዘው ከቆዩት ወጣቶች አንዱ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ አባቱ በሌለበት ሞት ተፈረደበት፤ ወደ ስፔን ሸሽቶ ባርሴሎና ኖረ። ይህ ሁሉ በአንድ ቤት ውስጥ እየሆነ ነው እንግዲህ በሴፕቴምበር 1945 በአልቤር ካሚ "ካሊጉላ" ላይ የወጣው። 22 ዓመቱ ነበር። ለስላሳ ፊት ያለው ልጅ አእምሮው የታወከ ጨካኝ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሲመጣ ፓሪስ ደነገጠች። ከዚያ በ1947 "ዲያብሎስ በሥጋ ውስጥ" የተባለው ፊልም መጣ፦ ባሏ ጦር ሜዳ ያለ ሴት የወደደ የ17 ዓመት ልጅ ታሪክ። ብዙ ሰው የወታደርን ክብር ደፈረ ብሎ ተቆጣ፤ እሱ ግን ብራስልስ ላይ የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ወሰደ።

ይቺን አስቀምጬ ልሂድ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ደጃች ውቤ ሰፈር መለሰ፦

ወንድሜ፣ ጥሩ ርዕስ ነው ያነሳኸው፤ ግን በግልጽ ልናገር። እኔ ፊልሞቹን አይቻለሁ፣ ግማሾቹ ዛሬ አያስኬዱም። "ፋንፋን ላ ቱሊፕ"ን ተመልከት፦ ጎራዴ፣ ፈረስ፣ ጣሪያ ላይ ሩጫ፣ ጂና ሎሎብሪጂዳ። በ1952 ከስድስት ሚሊዮን በላይ ፈረንሳዊ አይቶታል፣ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይም ዳይሬክተሩ ክሪስቲያን ዣክ ተሸልሞበታል። ደስ ይላል፣ ያዝናናል፤ ግን ትወና ነው ወይ ብትለኝ የተዋበ ልጅ ሲዘል ነው የማየው።

ደግሞ ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ፍራንሷ ትሩፎ በጃንዋሪ 1954 በ"ካዬ ዱ ሲኔማ" መጽሔት ላይ ያን የታወቀ ጽሑፉን ሲያወጣ የመታው ማንን ነው? ኦራንሽና ቦስት የተባሉትን የፊልም ጸሐፊዎችና ዳይሬክተሩን ክሎድ ኦታን ላራን። "ዲያብሎስ በሥጋ ውስጥ"ን የሠሩት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። በዚያው ዓመት የስታንዳልን "ቀይና ጥቁር" ወደ ፊልም የመለሱትም እነሱው ናቸው፤ ዋናው ተዋናይም ፊሊፕ ነው። ከታላላቅ ልብ ወለዶች ተወስዶ፣ በስቱዲዮ ተሽሞንሙኖ፣ በተዋበ ንግግር ታጭቆ የሚቀርበው ፊልም ፊቱ ማን ነበር? እሱ ነበር። "አዲሱ ማዕበል" የተባለው የእነ ትሩፎ የወጣት ፊልም ሠሪዎች እንቅስቃሴ የመጣው ያን ለማፍረስ ነው። ደግነቱ ለእሱ፣ የትሩፎ "አራት መቶው ምት" በ1959 ወጣ፣ የጎዳር የመጀመሪያ ረጅም ፊልም በማርች 1960፤ እሱ መሃል ላይ ሞተ። ቢቆይ ኖሮ ዘመኑ ያልፍበት ነበር ብዬ አስባለሁ።

የቴአትር መምህር መለሰ፦

ደጃች ውቤ፣ ስለ ትሩፎ ያልከው እውነት ነው፤ ተከራክሬ አልረታህም። ግን ፊሊፕን የመሩትን ዳይሬክተሮች ስም አብረህ ቁጠርልኝ። ማክስ ኦፉልስ፣ ዣክ ቤከር፣ ሬኔ ክሌር፣ ሬኔ ክሌማን፣ በመጨረሻም ሉዊስ ቡኙዌል። ኦፉልስንና ቤከርን ትሩፎ ራሱ ሲያወድሳቸው የኖረ ነው። እና ነገሩን ሁሉ በአንድ ጆንያ አንክተተው።

ስለ ትወናው ከጠየቅከኝ አንድ ትዕይንት ልንገርህ፤ ተማሪዎቼን ደጋግሜ የማሳያቸው ነው። ፊልሙ በ1953 ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራው "ትዕቢተኞቹ" ነው፤ መነሻው ሳርትር የጻፈው የፊልም ታሪክ ነው። ፊሊፕ ዶክተር የነበረ፣ ሚስቱ ከሞተች በኋላ በመጠጥ የወደቀ፣ በአንዲት የወደብ ከተማ የመንገድ መሳቂያ የሆነ ሰው ነው። ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ላብና ቆሻሻ ነው። መጠጥ ቤት ገብቶ መጠጥ ይለምናል። ባለቤቱ፣ ብትጨፍር ጠርሙሱን እሰጥሃለሁ ይለዋል። ሙዚቃው ይጀምራል፣ እሱም ይጨፍራል። በመጀመሪያ ክብሩን ላለማጣት እንደመሳቅ ይላል፤ ሙዚቃው ሲፈጥን ሳቁ ይጠፋል፤ ዓይኑ ከጠርሙሱ አይነሳም። ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ይወድቃል፣ ተነስቶ ይቀጥላል። አብራው የምትጫወተው ሚሼል ሞርጋን ቆማ ታየዋለች። እሱ አንድም ቃል አይናገርም። ያንን ትዕይንት አይቶ "የተዋበ ልጅ ሲዘል" የሚል ሰው ካለ እንደገና ይየው እላለሁ። በመላ አካሉ የሚጫወት፣ ፊቱ ላይ ያልተመካ ተዋናይ ነው እዚያ ያለው። ከዓመት በፊት ሴቱ ሁሉ የሚያብድለት ፋንፋን እኮ ነው ይሄ!

ሶስና ከሊዮን መለሰች፦

እኔ የመጋረጃ ልጅ ያነሳው የ1951 ነገር ላይ ልመለስ፤ ዋናው እሱ ነውና። የምኖረው ከቪለርባን አጠገብ ነው። ዛሬ "የሕዝብ ብሔራዊ ቴአትር" የሚለውን ስም የያዘው ቤት እዚህ ነው ያለው፤ በ1972 ከፓሪስ ወደዚህ ተዛውሮ ነው። እሄዳለሁ፣ የድሮ ፎቶግራፎቹንም ሳይ እቆያለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

ቴአትሩን መጀመሪያ በ1920 የመሠረተው ፊርመን ዤሚዬ ነበር። ነፍስ የዘራበት ግን ተዋናይና ዳይሬክተር የነበረው ዣን ቪላር ነው። ቪላር በ1947 የአቪኞን ፌስቲቫልን ጀመረ፤ ጳጳሳቱ በ14ኛው መቶ ዘመን የኖሩበት ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለበት፣ ሚስትራል የሚባለው ነፋስ ልብስ በሚገፍበት ቦታ። ቀደም ብሎ ለፊሊፕ "ለ ሲድ" የተባለውን የኮርኔይ ተውኔት ተጫወትልኝ ቢለው፣ ትራጄዲ ለእኔ አይሆንም ብሎ እምቢ አለው። በ1950 መጨረሻ ቪላር ፓሪስ ውስጥ የፒራንዴሎን "ሄንሪ አራተኛ" እየተጫወተ ሳለ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ድረስ ራሱ ፊሊፕ መጣ። አብሬህ ልሥራ አለው። የፊልም ኮከብ ነው፣ ማንም አልለመነውም።

በ1951 ክረምት አቪኞን ላይ ሁለት ሥራ አብረው አወጡ፦ የኮርኔይን "ለ ሲድ" እና የክላይስትን "የሆምቡርግ ልዑል"፤ በሁለተኛው ዣን ሞሮ አብራው ነበረች። በልምምድ ላይ ከመድረኩ ወድቆ ስለተጎዳ "ለ ሲድ"ን መጀመሪያ የተጫወተው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ይባላል። አስቡት፣ የዚያ ተውኔት ዋና ገጸ ባሕርይ ሮድሪግ እኮ የሚዋጋ ወጣት ነው።

በዚያው ዓመት መንግሥት ቪላርን የሕዝብ ብሔራዊ ቴአትር ኃላፊ አደረገው። ፓሪስ ውስጥ ሻዮ ቤተ መንግሥት ያለው የቴአትሩ አዳራሽ ከ2,500 ሰው በላይ የሚይዝ ነበር፤ ያን ሁሉ ወንበር ነው በሠራተኛ፣ በተማሪ፣ በአስተማሪ የሞላው። እንዴት? ነገሩን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። ትኬቱ ርካሽ ነው። ካፖርትህን ስታስቀምጥ አትከፍልም፤ ቦታ ለሚያሳይህም ሠራተኛ ጉርሻ መስጠት ተከልክሏል። ትዕይንቱ በምሽት 2 ሰዓት ይጀምራል፣ በሩ ግን ቀደም ብሎ ስለሚከፈት ሰው ከሥራ በቀጥታ መጥቶ እዚያው እራቱን በትንሽ ዋጋ ይበላል፤ ትዕይንቱ አልቆ ሲወጣም የመጨረሻው ሜትሮ አያመልጠውም። የተውኔቱ ጽሑፍ በትንሽ ዋጋ ይሸጥለታል። መጋረጃ የለም፣ የተቀባ ጀርባ የለም፤ ጨለማ፣ ብርሃንና አልባሳት ብቻ። መጀመሩን የሚያበስረው የጥሩምባ ድምፅ ነው፤ ያን ጥሩምባ የደረሰው ዛሬ በ"ሎረንስ ኦፍ አረቢያ" ሙዚቃ የምናውቀው ሞሪስ ዣር ነው። ቪላር ቴአትር እንደ ውኃና እንደ መብራት ለሕዝብ የሚገባ አገልግሎት ነው ይል ነበር፤ አደረገውም።

ፊሊፕስ? የተዋንያኑ ስም የሚጻፈው በፊደል ተራ ነበር። ያ ሁሉ ዝና ያለው ሰው ስሙ ከፊሊፕ ኗሬ ቀጥሎ፣ ከዦርዥ ዊልሰን በፊት፣ በእኩል መጠን ይታተም ነበር።

ናሆም_21 መለሰ፦

ሰላም ታላላቆቼ። እኔ ገና የትወና ተማሪ ነኝ፣ ስሙንም ዛሬ ነው የሰማሁት። ሶስና እህቴ የጻፍሽው በጣም ገረመኝ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም፦ ደመወዙ ትንሽ ከሆነ እንዴት ኖረ? እኛ ጋ መድረክ ላይ ያለ ሰው ማስታወቂያና ተከታታይ ድራማ ካልያዘ ቤት ኪራይ አይከፍልም። ኮከብ ስለሆነ ነው የቻለው ወይስ ሌሎቹም ተዋንያን በዚያ ደመወዝ ይኖሩ ነበር?

ወይኒቱ መለሰች፦

ናሆም ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው ያረፈው። እሱ ራሱ ፊልም መሥራቱን አላቆመም፤ ከቴአትሩ ጋር እያፈራረቀ ይሠራ ነበር፣ ከፊልሙም ጥሩ ይከፈለው ነበር። ስለዚህ በቴአትሩ ደመወዝ ብቻ አልኖረም። ግን አንድ ወር ሻዮ መድረክ ላይ ሲቆም እምቢ የሚለው የፊልም ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ ማሰብ ነው። የሚጎድልበትን እያወቀ ነው የገባው።

ሌሎቹ ተዋንያን ያልካቸው ደግሞ እሱንም ያሳሰቡት ናቸው። በኦክቶበር 1957 "ተዋንያን ውሾች አይደሉም" የሚል ጽሑፍ "አር" በተባለው ጋዜጣ ላይ አወጣ። ርዕሱ ብቻ ይበቃል። በዚያው ጊዜ የተዋንያን ማኅበር መሪ ነበር፤ ማኅበራቱ ለሁለት ተከፍለው ሲናቆሩ በ1958 አንድ ሆነው የፈረንሳይ ተዋንያን ማኅበር ሲመሠረት ፕሬዚዳንቱ እሱ ሆነ። የሚታገለው ለራሱ አልነበረም፤ ለእሱ ውል የሚያዘጋጅለት ሞልቶ ነበር። የሚታገለው ልምምድ ላይ ሳይከፈለው ለሚውለው፣ ሥራ ሲጠፋ ወራት ያለ ምንም ለሚቀመጠው ነበር። ተዋናይ ባለሙያ ነው፣ የሙያው ዋጋ ይከፈለው ነው ነገሩ። በዝና ያለ ሰው ወንበሩን ትቶ ለማኅበር ስብሰባ ሲሮጥ ማየት እምብዛም ነው። እኔ በግሌ ከፊልሞቹ ሁሉ በላይ የማከብረው ይህን ነው።

ደጃች ውቤ ሰፈር መለሰ፦

ወይኒቱ፣ ስለ ማኅበሩ ያልሽውን አልቃወምም። ግን ሙሉ ሥዕሉ ይቅረብ እንጂ። ፖለቲካው ውስጥ በጣም ገብቶ ነበር። በ1950 የኒውክሌር መሣሪያ ይታገድ የሚለውን የስቶክሆልም ጥሪ ፈረመ። ሶቪየት ኅብረት እንደ ራሷ ልጅ ነው የተቀበለችው፤ "ፋንፋን" እዚያ የታየው ጉድ ነው። ቻይና ሄደ፣ በ1959 ደግሞ ኩባ ሄዶ ፊደል ካስትሮን አገኘ። በ1956 "ቲል" የተባለውን ፊልም ራሱ ዳይሬክት ሲያደርግ ከምሥራቅ ጀርመን ጋር በጋራ ነው የሠራው፣ ፊልም ሠሪውን ዮሪስ ኢቨንስን ይዞ። ያ ፊልም ወደቀ፤ ተቺዎች አልማሩትም። ታዲያ የሕዝብ ቴአትር የሚባለውን ነገር ከዚህ ፖለቲካ ነጥለን ልናየው እንችላለን ወይ?

የመጋረጃ ልጅ መለሰ፦

አንነጥለው፣ ለምን እንነጥለው? አባቱ በየትኛው ወገን እንደቆመ አስታውስና ከዚያ ይህን አንብብ። በወጣትነቱ የአባቱን ፍርድ የሰማ ሰው በፖለቲካ ጉዳይ ዳር ቆሞ ሊያይ አይችልም። የፈረመው ሁሉ ትክክል ነበር እያልኩ አይደለም። ግን ሻዮ አዳራሽ የመጣውን ሠራተኛ ስብከት አልሰበከውም፤ የኮርኔይን፣ የሙሴን፣ የሁጎን፣ የክላይስትን ተውኔት ነው ያሳየው። "ለ ሲድ" በ1637 የተጻፈ ግጥም ነው፤ ተማሪ ቤት በግድ የሚሸመደድ፣ ሰው ሁሉ የሰለቸው ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ተዋንያን ደረታቸውን ነፍተው እንደ ሐውልት ቆመው ነበር የሚያነበንቡት። እሱ ግጥሙን ሳይሰብር፣ ቤቱን ሳያጎድል፣ ሐሳቡ አሁን እንደመጣለት አድርጎ ተናገረው። የአባቱን ውርደት ለመበቀል የሚወዳትን ልጅ አባት የሚገድል ወጣት፣ ወጣት ሆኖ ታየ። ለዚህ ነው የትምህርት ቤት ልጆች በአውቶቡስ እየተጫኑ የመጡት።

የቴአትር መምህር መለሰ፦

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። ብዙ ሰው ስለ "ለ ሲድ" ያወራል፤ እኔ ግን የሙያው ጣሪያ "የሆምቡርግ ልዑል" ነው ብዬ አምናለሁ። የክላይስት ልዑል በጦር ሜዳ ጀግና ነው። ትእዛዝ ጥሶ ስላጠቃ ግን፣ ድል ቢያደርግም፣ ሞት ይፈረድበታል። ሊቀበርበት የተቆፈረውን ጉድጓድ በመንገዱ ላይ ያያል። ከዚያ መጥቶ ሴቶቹ እግር ሥር ወድቆ፣ ክብሬን ውሰዱ፣ ፍቅሬን ውሰዱ፣ ብቻ ልኑር ብሎ ይለምናል። አንድ መኮንን በመድረክ ላይ እንዲያ ሲሆን ማየት በዚያ ዘመን ለተመልካች ቀላል አልነበረም። ጀግና የሚባል ተዋናይ ሁሉ ያን ትዕይንት ይፈራዋል፤ ትንሽ ቢያሳምሩት ይበላሻል። ፊሊፕ የፍርሃቱን ውርደት ሳይሸፍን ተጫወተው፤ የተመሰከረለትም ለዚህ ነው።

"ሎሬንዛቾ"ንም እንዳንረሳ። አልፍሬድ ደ ሙሴ በ1834 ያሳተመው፣ በጣም ረጅምና ብዙ ቦታ የሚዘዋወር ስለሆነ ለመድረክ አይሆንም ተብሎ የተቀመጠ ተውኔት ነበር። በ1896 ሳራ በርናር ወንዱን ሎሬንዞ ሆና ተጫውታዋለች፤ ከዚያም በኋላ ሚናው በአመዛኙ የሴቶች ሆኖ ቆየ። በ1952 አቪኞን ላይ ፊሊፕ ራሱ አዘጋጀው፣ ራሱም ዋናውን ሚና ያዘ። በ1958 ቡድኑ ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ድረስ ይዞት ሄደ። ዛሬ ያ ተውኔት ፈረንሳይ ውስጥ ከማይቀሩት አንዱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው ቡድን ውስጥ ዳንኤል ሶራኖ የሚባል ድንቅ ተዋናይ ነበር፤ የሴኔጋል ደም ያለበት። ዳካር ያለው ብሔራዊ ቴአትር የተሰየመው በእሱ ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ ለንደንና ፓሪስ ለቴአትር ትምህርት የሄደው ልክ ያ ዘመን ሊያልቅ ሲል ነው፤ ፓሪስ ላይ የኮሜዲ ፍራንሴዝን አሠራር አጥንቶ ተመለሰ። ቪላር ያኔ ሻዮ ላይ ነበር። የእኛ የቴአትር ሰዎች ከዚያ ዘመን የፈረንሳይ መድረክ ምን እንደቀሰሙ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሶስና ከሊዮን መለሰች፦

ጋሼ፣ ይህን ስላነሱልን እግዚአብሔር ይስጥልን። የሶራኖን ነገር አላውቅም ነበር።

ደጃች ውቤ ቢቆይ ዘመኑ ያልፍበት ነበር ላልከው ደግሞ አንድ ፊልም ልጥቀስ፦ በ1958 የወጣው "ሞንፓርናስ 19"። ኦፉልስ ሊሠራው ተነስቶ በ1957 ስለሞተ ቤከር ተረከበው። ፊሊፕ ሠዓሊውን ሞዲሊያኒን ነው የሚጫወተው፤ በ35 ዓመቱ በድህነት የሞተውን። ቡና ቤት ለቡና ቤት እየዞረ ሥዕሉን ለመሸጥ ይሞክራል፤ አንዲት ሴት አዝናለት ገንዘቡን ሰጥታ ሥዕሉን ሳትወስድ ትተዋለች። ፊቱን እዩት እዚያ ላይ። ሊኖ ቬንቱራ ደግሞ የሥዕል ነጋዴ ነው፤ ሰውየው እስኪሞት እንደ አሞራ ይጠብቃል። ሲሞት ቀጥ ብሎ ቤቱ ይሄዳል፤ ምንም ያልሰማችው ሚስት፣ አኑክ ኤሜ፣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ሲያነሳ በደስታ ታየዋለች። ይሄ በስቱዲዮ የተሽሞነሞነ ፊልም አይደለም፤ ቢላዋ ነው። ደግሞ ከሬኔ ክሌማን ጋር በ1954 የሠራውን "ሙሴ ሪፗ" ጨምር፦ ለንደን ጎዳና ላይ ካሜራ ደብቀው፣ አላፊ አግዳሚው ሳያውቅ ነው ብዙውን የቀረጹት። አዲሱ ማዕበል ከመምጣቱ አምስት ዓመት በፊት ማለት ነው።

ደጃች ውቤ ሰፈር መለሰ፦

"ሞንፓርናስ 19"ን አላየሁትም። አያለሁ። የስቱዲዮ ፊልሞቹ ላይ ያለኝ አቋም ግን አይቀየርም፤ "ቀይና ጥቁር"ን ከልብ ወለዱ ጋር ያነበበ ሰው ይረዳኛል።

ናሆም_21 መለሰ፦

እንዴት ነው የሞተው? 36 ዓመት ብላችሁ ዘለላችሁት እኮ።

የመጋረጃ ልጅ መለሰ፦

የጉበት ካንሰር ነው፤ በጣም ፈጣን ነበር። በ1959 መጀመሪያ አካባቢ የሙሴን ተውኔት ሻዮ ላይ ተጫውቷል። ከዚያ የቡኙዌልን ፊልም ሜክሲኮ ሄዶ ሠራ፤ በሴፕቴምበር ደግሞ ከዣን ሞሮ ጋር የሠራው የሮጀ ቫዲም "አደገኛ ግንኙነቶች" ወጥቶ ፈረንሳይን አመሰ። በኖቬምበር መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሞቹ ሲከፍቱት ተስፋ እንደሌለው አወቁ፤ ለሚስቱ ለአን ነገሯት። አን ደግሞ ለእሱ ላለመንገር ወሰነች። ይሄ እኛ ቤት በደንብ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ስንቱ ዘመድ ነው ሕመምተኛው እንዳይሰማ ከበር ውጪ የሚያለቅሰው። እሷም ክፍሉ ስትገባ ፊቷን እያስተካከለች ስለሚቀጥለው ሥራው አወራችው። እሱም አልጋው ላይ ሆኖ የግሪክ ትራጄዲዎችን ያነብ ነበር፤ ወደፊት የሚጫወታቸውን እያሰበ። ኖቬምበር 25 ፓሪስ ውስጥ ቤቱ አረፈ፣ 37 ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው። አን እነዚያን ቀናት በ1963 ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋቸዋለች።

በሮድሪግ ልብሱ፣ በ"ለ ሲድ" አልባሳቱ ነው የተቀበረው፤ ደቡብ ፈረንሳይ ራማቱዌል በምትባል መንደር። ቪላር ሻዮ መድረክ ላይ ወጥቶ ለተመልካቹ "ሞት ከፍ ያለውን መታ" ብሎ ነገራቸው። እና ይሄ ሁልጊዜ ይከነክነኛል፦ "ካሊጉላ"ን የሰጠው ካሚ በመኪና አደጋ የሞተው ጃንዋሪ 4 ቀን 1960 ነው። ከፊሊፕ ሞት ልክ 40 ቀን በኋላ። በእኛ ቤት ቢሆን የአርባው ተዝካር ሰሞን ሁለተኛ ለቅሶ መቀመጥ ነበር።

ወይኒቱ መለሰች፦

ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩ የቀሩት፣ ትልቋ ገና አምስት ዓመት ያልሞላት። ለአን ነው ልቤ የሚያዝነው። ብርቱ ሴት ነበረች፤ ከእሱ ጋር ከመጋባቷ በፊት በ1948 ከቻይና ተነስታ በቅፍለት እስከ ካሽሚር የተሻገረች፣ ሰው ግን "የኮከቡ ሚስት" ብቻ የሚላት። "የሕዝቡን ቴአትር ምረጥ" ያለችው እሷ ናት ብለው የሚጽፉም አሉ፤ ውሳኔው የማን እንደነበር ባይታወቅም በዚያ ቤት የነበረው ሐሳብ የሁለቱ እንደነበር ግን ሥራቸው ይናገራል።

ናሆም_21 መለሰ፦

እሺ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከየት ልጀምር? ፈረንሳይኛዬ ደካማ ነው።

የቴአትር መምህር መለሰ፦

ናሆም ልጄ፣ በ"ፋንፋን" አትጀምር፤ ደጃች ውቤ ያለው ስሜት ይይዝሃል። "ትዕቢተኞቹ"ን መጀመሪያ እይ፣ የጭፈራውን ትዕይንት ድምፁን አጥፍተህ እንደገና እይ፤ ትከሻውንና ጉልበቱን ተከታተል። ከዚያ "ሞንፓርናስ 19"። የቴአትር ሥራው እንደ ፊልሙ ሙሉ ለሙሉ በካሜራ አልቀረልንም፣ ድምፁ ግን በሸክላ አለ። "ለ ሲድ"ን ከጽሑፉ ጋር አድርገህ ስማው፤ ፈረንሳይኛው ባይገባህም ትንፋሹን የት እንደሚወስድ፣ ስንኙ ሳያልቅ ሐሳቡን እንዴት እንደሚይዝ ትሰማለህ። "ትንሹ ልዑል"ንም በ1954 አንብቦታል፤ ቋንቋው ቀላል ስለሆነ ለአንተ እሱ ይሻላል። አንድ ገጽ መርጠህ በአማርኛ ራስህ አንብበውና ድምፅህን ቅዳ። እዚህ ክር ላይ ጫነው፣ እኔ አዳምጬ አስተያየቴን እሰጥሃለሁ።

ሶስና ከሊዮን መለሰች፦

ናሆም፣ ሸክላዎቹን ለማግኘት ብዙ አትቸገርም፤ አብዛኞቹ ኢንተርኔት ላይ አሉ። አዲስ አበባ ከሆንክ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝም ጠይቅ። ጽሑፉን ቪለርባን ቴአትር ቤቱ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ ካገኘሁ ፎቶ አንስቼ እለጥፍልሃለሁ።